የአክስቴ ፊት ጥጡ ላይ ቀረ

ይህ ጽሑፍ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ በእድራችን አዳራሽ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። የተቀዳውን ድምፅ ወደ ጽሑፍ ስቀይር መንተባተቤን አውጥቻለሁ፤ ከርዕሱ የወጣሁባቸውን ቦታዎች ግን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያልደረሳችሁ ወጣቶች ከኋላ አግዳሚ አለላችሁ፤ ድንኳኑ ላይ ግን አትቀመጡ፣ ሰብሳቢያችን ባለፈው የተናገሩትን ታስታውሳላችሁ።

«የድሮ ስላይድ አቀዳድ» የሚለው ማስታወቂያ በየብሎኩ በር ላይ ከተለጠፈ በኋላ ሁለት ልጆች ደውለው «ጋሼ፣ ፓወርፖይንት ነው የሚያስተምሩን?» አሉኝ። አንዲት የድሮ ተማሪ ደግሞ በትምህርት ቤት የላብራቶሪ ቴክኒሽያን እንደነበርኩ ስለምታውቅ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር የምናስገባት ስስ መስታወት መስሏት «አሁንም የሽንኩርት ልጣጭ ሊያሳዩን ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ሁለቱም አይደለም።

ስላይድ የምላችሁ ይቺ ናት። ከኋላ ያላችሁም እንድታዩ ከፍ ላድርጋት። አራት ማዕዘን የካርቶን ክፈፍ ናት፣ በየጎኗ 50 ሚሊ ሜትር። መሐሏ ላይ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነች ቁራጭ ፊልም አለች። ወደ መስኮት ስታዞሯት ሰማዩ ሰማያዊ፣ ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ ይታያችኋል። በየቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ያለው ቡናማው ኔጌቲቭ ቀለሙ የተገለበጠ ነው፤ ከሱ የታጠበ ፎቶ አለ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። ስላይድ እንዲያ አይደለም። ካሜራ ውስጥ ሳለ ብርሃን የመታው ያው ፊልም ራሱ ታጥቦ፣ ተቆርጦ፣ ክፈፍ ገብቶ የተመለሰ ነው። መንትያ የለውም።

እኛ ቤት ስላይድ የገባው በአባቴ በኩል ነው። የግብርና መምህር ነበር። ውጭ አገር ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ሌላው ልብስና ሬዲዮ ሲያመጣ እሱ ካሜራና ፕሮጀክተር ተሸክሞ መጣ። እናቴ ይህን እስክትሞት አልረሳችለትም። እሑድ ማታ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ይሰቀላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ይጮሃል፣ አምፖሉ አቧራውን ሲያቃጥለው አንድ ዓይነት ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ያ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አባቴ አንዷን ስላይድ ገልብጦ ካስገባና ሰው ሁሉ በአናቱ ከቆመ ደግሞ የዚያን ቀን ሳቅ ለብቻው ነው።

እሱ ሲያርፍ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ወረስኩ። ስቆጥራቸው 412 ሆኑ። ከጉለሌ ወደዚህ ስንመጣ ቆርቆሮውን ከማእድ ቤት መታጠቢያው ሥር አስቀመጥኩት። ሁለት ክረምት እዚያ ከረመ። ቧንቧው ይንጠባጠብ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ስከፍተው ከአንዷ ስላይድ ሰማይ ላይ እንደ ጥልፍ የመሰለ ነገር በቅሏል። ሻጋታ ነው። ሥዕሉ የአክስቴ ነበር፣ የእናቴ ታላቅ። ረከቦት ፊት ተቀምጣ ጀበናውን በአንድ እጇ ይዛ ቀና ብላለች። ከዚያ ቀን ሌላ ፎቶ የላትም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ብልቃጥ ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሻጋታ ማስለቀቅ ያቅተኛል እንዴ! ጥጥ በውኃ አረጠብኩ፣ ጨመቅሁት፣ በቀስታ ጠረግሁ። ሻጋታው ለቀቀ። አንድ ጊዜ ደገምኩት። ጥጡን ገልብጬ ሳየው ሮዝና ቡናማ ቀለም ይዟል። ስላይዷን ወደ መስኮት ሳዞር ጀበናው አለ፣ ረከቦቱ አለ፣ ቀሚሷ አለ፣ ከአንገቷ በላይ ንጹሕ መስታወት የመሰለ ባዶ ፊልም ብቻ። የአክስቴ ፊት ጥጡ ላይ ቀረ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ከጊዜም፣ ከሻጋታም፣ ከብርሃንም በላይ ስላይድ የሚያጠፋው ለማጽዳት የቸኮለ እጅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቆሻሻውን እንደ ያዘ በካሜራ ወይም በስካነር ቅዱት፣ ከዚያ ንኩት። እኔ ያቺን ስላይድ ከነሻጋታዋ በስልክ እንኳ አንስቻት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሰማዩን ኮምፒውተር ላይ አጸዳዋለሁ፣ አክስቴም ታየኛለች።

ለምን እንዲያ እንደሆነ ላብራራ፣ ልማድ ነው። ፊልሙ ላይ ቀለሙን የተሸከመው ጀላቲን ነው፣ ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ። ለሻጋታ ግሩም ምግብ ነው። ሻጋታው ሲበላው ጀላቲኑ ይላላል፣ ደህና ቀን ውኃ የሚችለው ነገር ያኔ ውኃ ሲነካው እንደ ስኳር ይሟሟል። ስለዚህ ሻጋታ ላለው ስላይድ ውኃ አይሆንም። ፋርማሲ የምንገዛው አልኮልም አይሆንም፤ ብልቃጡ ላይ 70 በመቶ ተብሎ የተጻፈው፣ የቀረው አብዛኛው ውኃ ነው። የሚያስፈልገው 99 በመቶ ንጹሕ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። የት ይገኛል አትበሉኝ፤ ሞባይል ጠጋኞች ቦርድ የሚያጥቡበት እሱ ነው፣ ግን ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳታነቡ አትውሰዱ። መስኮት ክፈቱ፣ የቡናው ከሰል የተያያዘበት ክፍል ውስጥ ደግሞ በፍጹም አትክፈቱት፣ እሳት ይስባል። መጀመሪያ የማትፈልጉት አንድ ስላይድ ላይ ሞክሩ። የካርቶን ክፈፉ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ካለ አልኮሉ ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ጽሑፉንም ቀድማችሁ ፎቶ አንሱት። ይህን ሁሉ ብዬ እውነቱን ስነግራችሁ፣ ከ412ቱ በአልኮል የነካሁት 9 ብቻ ነው። ለቀሩት አየር በቃቸው።

አየር ስል በአፍ «እፍ» ማለት አይደለም፤ ምራቅ ይረጫል፣ የደረቀ ምራቅ ከአቧራ የባሰ ነው። የነጠላ ጫፍም አይደለም። መነጽር በነጠላ ጫፍ የምትጠርጉ እናቶች እዚህ አላችሁ፣ አይቻችኋለሁ። ለስላይድ እንዲያ ካደረጋችሁ አንዷ የአሸዋ ቅንጣት ዳር እስከ ዳር ታርሰዋለች። ፋርማሲ የሕፃን አፍንጫ መሳቢያ ጎማ ይሸጣል፣ አዲሱን ግዙ፣ በሱ ንፉበት። አልወጣ ካለ በጣም ለስላሳ የሆነ ያልተነካ የሜካፕ ብሩሽ። ስላይዱን በካርቶኑ ዳር ያዙ፣ መሐሉን በጣት መንካት የለም፤ የጣት ቅባት ሰንብቶ ጀላቲኑ ውስጥ አሻራውን ይተዋል። አባቴ በአውራ ጣቱ የያዛቸው አሉኝ፤ እነዚያን ግን ላጽዳቸው አላልኩም፣ የሱ ጣት ነው።

የሰፈራችንን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከኋላችን ገና ቤት ይሠራል፣ አሸዋ የጫነ ገልባጭ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ ቆጥሬ ትቻለሁ። ከጥር እስከ ሚያዝያ መስኮት ከፍቶ ስላይድ መቅዳት አቧራ መቅዳት ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ማታ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ አስወለውላለሁ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማንም ሳይነሳ እሠራለሁ፣ 2 ሰዓት ሲሆን አቆማለሁ። ቡና የሚፈላበት ሰዓት አይመችም። ዕጣን ለኛ ጥሩ ነው፣ ለፊልም ግን ጭሱ ቅባት አለው፣ ይለጠፋል። ሌላም የጠዋት ጥቅም አለ፤ ገልባጩ ሲያልፍ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ካሜራው ደግሞ ያንን ያያል።

ወደ ካሜራው ልምጣ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «በምንድን ነው የሚቀዳው?» ብሎ ነው።

ፕሮጀክተር ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ግድግዳ ላይ አብርቶ በስልክ ማንሳትን ነው። እኔም ሞክሬዋለሁ። መሐሉ ይነጣል፣ ዳሩ ይጨልማል፣ የግድግዳው ቀለም ይገባበታል። የፕሮጀክተሩ ሙቀትም ፊልሙን ያጎብጠዋል፣ ቀለሙንም ይበላዋል። በተለይ ኮዳክሮም የሚባለው ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ ቀለሙ እጅግ ይቆያል፣ ብርሃን ላይ ግን ቶሎ ይሸነፋል። የአባቴን ሳጥን ሳይ እሑድ ማታ በጣም የወደድናቸው ስላይዶች ናቸው የደበዘዙት። ማንም ያልጠየቃቸው የበቆሎ ማሳዎች ትናንት የተነሱ ይመስላሉ።

ኮዳክሮምን ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምርና እመለሳለሁ። ይህን ፊልም የፈለሰፉት ኬሚስቶች አይደሉም፣ ሁለት ሙዚቀኞች ናቸው፤ ሊዮፖልድ ማንስ ፒያኖ፣ ሊዮፖልድ ጎዶውስኪ ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር። ኮዳክ ፊልሙን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ሰዓት ማየት ስለማይቻል ደቂቃውን ሙዚቃ በማፏጨት ይለኩት ነበር ይባላል። አጠባው እጅግ ውስብስብ ስለነበር ባለፎቶ ቤት ሁሉ የሚሞክረው አልነበረም። አባቴ ፊልሙን በፖስታ ወደ ውጭ ይልካል፣ ከዚያ ደብዳቤ እንደሚጠብቅ ሰው ይጠብቃል። ኮዳክ ማምረቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አቆመ፤ በዓለም ላይ የመጨረሻው አጣቢ፣ አሜሪካ ካንሳስ የሚገኝ አንድ ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ተቀብሎ ዘጋ። አሁን ያልታጠበ ኮዳክሮም ቤቱ ያለው ሰው በቀለም የሚያጥብለት የለም።

እና መቅጃው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ስካነር ነው። የቢሮ ወረቀት ስካነር አይደለም፤ ክዳኑ ላይ ለፊልም የሚሆን መብራት ያለው መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ብርሃኑ በስላይዱ ውስጥ ማለፍ አለበት። የስካነሩ ካርቶን ላይ 6400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያነሳው ነጥብ ብዛት) ብሎ ቢጽፍላችሁ አትደንግጡለት፣ ጠፍጣፋ ስካነር በተግባር የሚሰጠው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። በ2400 ዲፒአይ ከቀዳችሁ 7.7 ሜጋ ፒክስል ያህል ታገኛላችሁ፤ ለግድግዳ ፎቶም ለስልክም ይበቃል። የፊልም ብቻ ስካነር ተውሳችሁ በ4000 ከቀዳችሁ 21 ሜጋ ፒክስል ይሆናል፣ በቲፍ፣ ሥዕሉን ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ ሲቀመጥ አንዱ ፋይል 64 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ለ412 ስላይድ 26 ጊጋ ባይት። አንድ ፍላሽ ላይ ይገባል፣ ፍላሽ ላይ ብቻ አታስቀምጡት እንጂ።

አንዳንድ ስካነሮች አቧራን በኢንፍራሬድ፣ ዓይን በማያየው ብርሃን፣ የሚለዩበት ብልሃት አላቸው። የፊልሙ ቀለም ኢንፍራሬድን ያሳልፋል፣ አቧራና ጭረት ግን አያሳልፍም፣ ስለዚህ ማሽኑ የአቧራውን ካርታ ለብቻው ያነሳል። ድንቅ ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን አይሠራም፣ ሥዕሉን የሠራው የብር ማዕድን ራሱ ኢንፍራሬዱን ያግደዋል፤ ኮዳክሮም ላይም ይሳሳታል። የእህቴ ልጅ ይህን ሳያውቅ ቀድቶ የአንዱን ጎረቤታችንን ጢም ግማሽ አቧራ ብሎ አውጥቶታል።

ሁለተኛው መንገድ ካሜራ ነው፣ እኔ የተጠቀምኩበት። ማክሮ ሌንስ፣ ትንሽ ነገር በጣም ቀርቦ የሚያነሳ፣ ያለው ካሜራ ተዋስኩ። ከማስታወቂያ ሠሪዎች ዘንድ ብርሃን የሚያሳልፍ ቁራጭ ነጭ ፕላስቲክ፣ አክሪሊክ የሚሉትን፣ ለመንኩ፣ በነፃ ሰጡኝ። የጫማ ካርቶን ቀዳዳ አበጅቼ አክሪሊኩን ከላይ፣ የኤልኢዲ መብራት ከታች። ስላይዱ ከአክሪሊኩ ትንሽ ከፍ ይላል፣ አለበለዚያ አክሪሊኩ ላይ ያለው አቧራም አብሮ ይነሳል። ታብሌት አብርቶ ስላይድ የሚያስቀምጥበትም አለ፤ ያኔ የስክሪኑ ነጠብጣብ እንደ ወንፊት ይወጣል። መብራቱ ርካሽ ከሆነ ቀዩ ይጎድለዋል፣ ሰው ሁሉ የታመመ ይመስላል፤ የመብራቱ ካርቶን ላይ የቀለም ታማኝነቱ (CRI) ከ90 በላይ የተጻፈበትን ፈልጉ። የካሜራው የብርሃን ስሜት አይኤስኦ 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ የ2 ሴኮንድ ቆጣሪ፣ የክፍሉ መብራት ይጠፋል። ካሜራው ሳይነካካ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ ሮው (RAW) በሚሉት፣ ይነሳል። ስካነሩ አንዷን በአራት አምስት ደቂቃ ሲያለቅስባት ካሜራው በአንድ ማለዳ መቶውን ይጨርሳል። መብራት ቢሄድም ካሜራው ባትሪ አለው፣ ይህን ለየካ አባዶ ሰው ማብራራት አያስፈልገኝም።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ስላይድ ፊልም ብርሃን ላይ ስስታም ነው። ብሩህና ጨለማን አንድ ላይ የመያዝ አቅሙ ጠባብ ነው። የኛ ሰው ደግሞ ጠይም ፊት በነጭ ነጠላ ጠቅልሎ፣ ቀትር ላይ ቆሞ «አንሳኝ» ይላል። አባቴ ለነጠላው ሲያስተካክል ፊቱ ይጨልማል፣ ለፊቱ ሲያስተካክል ነጠላው ከመጠን በላይ ነጥቶ ዝርዝሩ ይጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ነጠላውን መርጧል። ስለዚህ ብዙ ቤት «ፊቱ አይታይም» ተብሎ የተጣለ ስላይድ ፊቱ አለ፤ ጥቁሩ ውስጥ ተደብቋል። ሁለት ጊዜ አንሱት፣ አንዴ ለነጠላው፣ አንዴ ብርሃኑን አራት እጥፍ አድርጋችሁ ለፊቱ። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ማዋሃድ ይቻላል። እናቴ ጥምቀት ላይ የተነሳችውን እንዲህ አድርጌ ሳነሳት፣ ሃምሳ ዓመት ጥላ የመሰለኝ ነገር ፈገግታ ሆኖ ወጣ። ጥርሷ ላይ ያለው ክፍተት ሳይቀር።

ደስ ብሎኝ ለእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ሰጠሁት፣ እሱ ደግሞ «አውቶ» የምትለዋን ተጫናት። እናቴ ቀይ ዳማ ሆና ቁጭ አለች። ጠይም ነበረች እኮ! ነጠላዋም ሰማያዊ እየነካካው ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ፖሊስተር መሰለ። ማሽኑ ነጭ ነገር ሲያይ እንደ ወረቀት መንጣት አለበት ይላል፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ግን ወረቀት አይደለም፣ ወደ ወተት ያደላል። ፊትን ማንጣቱም ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ድሮ የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ማሽናቸውን የሚያመዛዝኑት ነጭ ሴት በተነሳችበት መመዘኛ ካርድ ነበር፣ ሸርሊ ካርድ ይባላል። ስለዚህ ቀለም ስታስተካክሉ ማሽኑን አትመኑ፣ ሰውየውን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ። እኔ አክስቶቼን ነው ያስቀመጥኩት፤ «አይ፣ እሷ ትንሽ ጠቆር ትል ነበር» እያሉ ነው ያስተካከልነው።

ቀልተው የምታገኟቸው ስላይዶች አሉ፣ ሁሉ ነገር በቀይ ሻይ ውስጥ የተነከረ የሚመስል። ፊልሙ ሦስት የቀለም ንብብር አለው፤ ቢጫ፣ ማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ)፣ ሳያን (አረንጓዴ የነካው ሰማያዊ)። በድሮዎቹ ኤክታክሮም (ሌላው የኮዳክ ስላይድ ፊልም) እና መሰሎቹ ላይ ሳያኑ ጨለማ ውስጥም ቢሆን ቀድሞ ይሞታል፣ የቀረው ቀይ ነው። ይህን በአንድ ቁልፍ ማዳን አይቻልም። ጊምፕ የሚባል የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም በነፃ ይወርዳል፤ ሌቭልስ የምትለዋን ከፍታችሁ ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውን ለየብቻ ከሁለቱም ጫፍ እየጎተታችሁ ታመጣጥኑታላችሁ። ፍጹም አይመለስም፣ ሰማይ ግን ሰማይ ይሆናል።

አቧራውን ስክሪን ላይ ስትለቅሙም እጃችሁን ያዝ አድርጉት። ፊት ላይ ያለውን ነጥብ ከማጥፋታችሁ በፊት ጠይቁ። አንድ ቀን ሩብ ሰዓት ታግዬ ያጠፋሁት «ጭረት» የአጎቴ የግንባር ጠባሳ ሆኖ ተገኘ።

ግራና ቀኝ። ፊልሙ አንደኛው ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ደብዛዛ ነው፤ ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ ካያችሁት ደብዛዛው ላይ ሥዕሉ በስሱ ተነስቶ ይታያል። ደብዛዛው ጀላቲኑ ነው፣ እሱን ወደ ሌንሱ አድርጋችሁ ካነሳችሁ ሥዕሉ ይገለበጣል፣ ኮምፒውተር ላይ ትመልሱታላችሁ። ቀላል ነው፣ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፒያሳ የተነሳ ስላይድ አለን። የእህቴ ልጅ አየውና «ጋሼ፣ ይሄ ተገልብጧል፣ መኪናዎቹ በግራ ነው የሚሄዱት» ብሎ ገለበጠው። ትክክል መሰለኝ። ማታ ሳየው ግን ጥግ ላይ አንድ ቄስ አሉ፣ ሰው ያሳልማሉ፣ መስቀሉን የያዙት በግራ እጃቸው ነው። ቄስ በግራ እጅ ሲያሳልም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተነስቼ ስላይዱን ራሱን አወጣሁ፤ ደብዛዛው ፊት የሚለው ከቄሱ ጋር ነው። ያኔ ትዝ አለኝ። አገራችን መኪና በቀኝ መንዳት የጀመረችው በ1956 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በግራ ነበር። ልጁ ያረመው ስህተት ስህተት አልነበረም፤ እኛ ደግሞ በዚያ ምክንያት ቀን የሌለው ስላይድ ከ1956 ሰኔ በፊት መነሳቱን አወቅን።

ስለ ቀን ካነሳን፣ የኮዳክ ክፈፎች ላይ ብዙ ጊዜ ወርና ዓመት ታትሞ ታገኛላችሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ማለቂያ 8፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ 7 ትቀንሳላችሁ። ግን ያ ቀን የታጠበበት ነው እንጂ የተነሳበት አይደለም። «ጃንዋሪ 68» የሚል አለኝ፣ 1960 ጥር መሆኑ ነው። ሥዕሉ ላይ ግን ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። አደይ በጥር? ፊልሙ እስኪያልቅ ካሜራው ውስጥ ከርሞ፣ ተልኮ፣ ታጥቦ ነው። መስከረም 1960 ብዬ መዘገብኩት፣ የክፈፉንም ቀን አጠገቡ ጻፍኩ። ስለዚህ ክፈፉን አትጣሉ፣ የፊትም የኋላም ፎቶ አንሱት። የፋይሉ ስም ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ካልለያችሁ ልጆቻችሁ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሳሳቱ ይኖራሉ።

ማስቀመጡን በአጭሩ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። የኔ አንዱ ሃርድ ዲስክ አዋሳ እህቴ ቤት ነው። ዋናዎቹ ስላይዶች ከመታጠቢያ ሥር ወጥተው መኝታ ቤት፣ ከወለል ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡትን የእርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጨምሬባቸዋለሁ። ናፍታሊን አታስገቡ። ቆርቆሮ ስትከፍቱ አቼቶ ከሸተታችሁ ፊልሙ ራሱ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፤ እነዚያን ከሌሎቹ ለዩና ቀድማችሁ ቅዱ፣ አይጠብቁም።

ጥያቄ ካለ ልቀበል።

(አንዲት እናት ተነስተው የሠርጋቸው ስላይድ እንዳለ፣ ነገር ግን አንድ ሰው ከሥዕሉ እንዲወጣላቸው እንደሚፈልጉ ተናገሩ። አዳራሹ ሳቀ።)

እትዬ፣ ቅጂው ላይ ይወጣል፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ዋናው ላይ ግን ይቀመጥ። እኛ ቤት አልበም ውስጥ በምላጭ አንገቱ የተቆረጠ አንድ ሰው አለ፣ በደርግ ጊዜ የተቆረጠ። የቆረጠችው አያቴ ናት፣ ፈርታ ነው፣ አልፈርድባትም። አሁን ያ ሰው ማን እንደነበር የሚነግረኝ የለም፤ ኮቱን ብቻ ነው የማውቀው።

(አንድ ወጣት የአክስቴን ፊት በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መመለስ አይቻልም ወይ ብሎ ጠየቀ።)

ሞከርነው ልጄ። ቆንጆ ሴት አወጣልን። አክስቴ አልነበረችም። እናቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ትል ነበር። ያቺን ስላይድ ባዶዋን ቀድቼ ቁጥር ሰጥቻታለሁ፣ 207። ማብራሪያዋ ላይ ማን እንደነበረች፣ የት እንደተቀመጠች፣ ፊቷንም ማን እንዳጠፋው ጽፌያለሁ።

ካሜራውና ሳጥኑ እስከ ወሩ መጨረሻ እኔ ዘንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ብሎካችን ምድር ቤት ኑ። ስላይዱን ሳትጠርጉ አምጡ፣ ፊቶቹን የሚያውቁ አዛውንት ካሉም ደግፋችሁ አምጧቸው። ደረጃ የለውም።